የሚገድለው ብሽሽቱ ነው፦ ስለ ወንድ ብልት ካንሰር ለወጣው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጅማና በአካባቢዋ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ ስለ ወንድ ብልት ካንሰር ያወራል። ጉዳዩን በአደባባይ በማንሳታቸው ጸሐፊውን እናመሰግናለን። ወንዶች ለሚስቶቻቸው እንኳ ሳይናገሩ ለወራት የሚደብቁት ሕመም ነውና ስሙ መጠራቱ ብቻውን ጥቅም አለው። በጽሑፉ የተሰጠው ምክር ግን በተግባር ቢውል ሊድን የሚችለውን ሰው ይገድላል። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልንም።

ላላነበቡት ጭብጡ ይህ ነው። ሕመሙ በተገረዘ ሕዝብ ዘንድ የለም ማለት ይቻላል። ቁስል ከታየ በቅባትና በአንቲባዮቲክ ይሞከር፤ ናሙና መውሰድ ካንሰሩን ይበትነዋል። ካንሰር ከሆነ ያለው ሕክምና ብልትን ከሥሩ መቁረጥ ብቻ ነው። ብሽሽት ላይ የሚወጣ ንፍፊት ከእግር ቁስል የሚመጣ ስለሆነ ታግሶ ማየት ይበቃል። ቀዶ ሕክምናውን የትኛውም ቀዶ ሐኪም በቅርብ ሆስፒታል ሊሠራው ይችላል፤ ልዩ ቡድን መፈለግ ቅንጦት ነው። ከተቆረጠ በኋላም ነገሩ አለቀ፣ ክትትል ገንዘብ ማባከን ነው።

በቅደም ተከተል እንመልሳለን። አራተኛው ላይ ረዘም እንላለን፤ ሰው የሚሞተው እዚያ ላይ ነውና።

«በተገረዘ ሕዝብ ዘንድ የለም»

ግማሹ እውነት ነው። በሕፃንነት ወይም በልጅነት የተገረዘ ሰው በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ በጣም ዝቅተኛ ነው። ካንሰሩን ከሚያመጡት ዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ወደ ኋላ የማይመለስ ጠባብ ሸለፈት ነው። ከሥሩ ቆሻሻ ይጠራቀማል፣ ቆዳው ለዓመታት ይቆጣል፣ የሚወጣው ቁስልም ከዓይን ይሰወራል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከኢትዮጵያ ወንዶች ከ90 በመቶ በላይ የተገረዙ መሆናቸው ስለተረጋገጠ ሕመሙ በእኛ ዘንድ ብርቅ ቢሆን አይገርምም። በዓለም ደረጃም ብርቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በመላው ዓለም አዲስ የተያዙት ወደ 36 ሺህ፣ የሞቱት ደግሞ ወደ 13 ሺህ እንደሚሆኑ ተገምቷል።

ብርቅ ነው ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ካደጉ በኋላ መገረዝ የልጅነቱን ያህል አይከላከልም። ከታማሚዎቹ ግማሽ ገደማ የሚሆኑት ካንሰሩ የመጣባቸው የማህፀን በር ካንሰርን በሚያመጣው በዚያው ኤችፒቪ በሚባል ቫይረስ ነው፤ ይህን ቫይረስ ግርዛት ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ሲጋራ ማጨስ፣ ከኤችአይቪ ጋር መኖር፣ የብልት ራስንና ሸለፈትን እያነጣ የሚያኮማትረው ላይክን ስክለሮሰስ የሚባል የቆዳ ሕመም፣ ሁሉም አደጋውን ይጨምራሉ። በዚያ ላይ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚያክመው የጅማን ሰው ብቻ አይደለም። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሁሉ፣ ከጋምቤላም ጭምር ሰው ይመጣበታል፤ በጋምቤላ ደግሞ እንደ ኑዌር ባሉ ማኅበረሰቦች ዘንድ ግርዛት ነባር ልማድ አልነበረም። «እዚህ የለም» ብሎ የሚያምን ባለሙያ በዓመት አንዴ ሲመጣበት አያውቀውም፣ ቂጥኝ ነው ብሎ ይመልሰዋል።

«ቅባትና አንቲባዮቲክ ይሞከር፤ ናሙና ካንሰሩን ይበትናል»

ከዚህ ቁስል በትክክል የተወሰደ ትንሽ ናሙና ካንሰርን ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይበትንም። የሚበትነው ጊዜ ነው።

በብልት ላይ የወጣ ቁስል፣ እብጠት፣ ቀይ ሻካራ ምልክት ወይም ጠጣር ነገር ሁሉ ካንሰር አይደለም። አብዛኛው ሌላ ነገር ነው፤ ቂጥኝ፣ ከርክር፣ ሄርፒስ፣ ኪንታሮት ሊሆን ይችላል። የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራ በመጀመሪያው ቀን ይሠራ፤ የሚታከም ነገር ከተገኘ ይታከም። ገደብ ግን ያስፈልገዋል። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ታክሞ ያልዳነ ቁስል ናሙና ይወሰድለታል። የቂጥኝ ምርመራው ቂጥኝ አለ ማለቱም ነገሩን አይዘጋውም፤ አንድ ሰው ሁለቱንም ሊይዝ ይችላል። ጽሑፉ እንደሚመክረው አንዱ ቅባት ሲያልቅ ሌላውን፣ አንዱ ክኒን ሲያልቅ ሌላውን እያሉ መሄድ ስድስት ወር ይበላል። በተለይ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት መቅላቱንና ማሳከኩን ስለሚያበርደው የዳነ ያስመስላል።

ሸለፈቱ ወደ ኋላ ካልተመለሰ በላዩ ላይ ቅባት መቀባት ዋጋ የለውም። በማደንዘዣ ከላይ በኩል ተሰንጥቆ ወይም ሙሉ በሙሉ ተገርዞ ውስጡ መታየት አለበት። የቆረጡት ሸለፈትም ወደ ቆሻሻ አይጣልም፤ ወደ ፓቶሎጂ፣ ሥጋን በአጉሊ መነጽር ወደሚመረምረው ክፍል፣ ይላካል።

ናሙናውን አንድ አጠቃላይ ሐኪም በዞን ሆስፒታል ሊወስደው ይችላል። ብልት ከሥሩ ዙሪያውን በሊዶኬይን ይደነዝዛል። ናሙናው የሚወሰደው ከቁስሉ መሃል ሳይሆን ጤነኛው ቆዳ ከታመመው ጋር ከሚገናኝበት ጠርዝ ነው፤ መሃሉ የሞተ ሥጋና መግል ስለሆነ ፓቶሎጂስቱ የሚያነበው ነገር አያገኝበትም። ጥልቀት ይኑረው። ላይ ላዩን የተፋቀ ናሙና «ያልተለመደ ሴል አለ» ከማለት አልፎ ካንሰሩ ወደ ውስጥ መግባት አለመግባቱን አይናገርም፣ ሕክምናውን የሚወስነው ደግሞ ይኸው ነው። ትልቅ ቁስል ከሆነ ከአንድ በላይ ቦታ ይወሰድ። ከዚያ የናሙናውን አሥር እጥፍ በሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያደርግ ፈሳሽ) ውስጥ ወዲያው ይገባል። በጨው ውሃ ወይም በደረቅ ዕቃ የተላከ ናሙና መንገድ ላይ ይበሰብሳል፤ በሽተኛው ሦስት ሳምንት ጠብቆ «እንደገና ይወሰድ» የሚል ወረቀት ይደርሰዋል፣ ብዙዎቹም ከዚያ በኋላ አይመለሱም። ዕቃው ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ ቀንና የተወሰደበት ቦታ ይጻፍ።

«ያለው ሕክምና ከሥሩ መቁረጥ ብቻ ነው»

ሰውን ከሐኪም የሚያሸሸው ይህ አረፍተ ነገር ነው፤ ውሸትም ነው። ስንት ሰው ይህን ሰምቶ ቤቱ እንደቀረ አይታወቅም።

ድሮ ከዕጢው ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ጤነኛ ሥጋ ጨምሮ መቁረጥ ሕግ ነበር። ብልት ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ብዙ ነው፤ ትንሽ ዕጢ የያዘው ሰው እንኳ ሙሉውን ያጣ ነበር። በኋላ የተቆረጡ ናሙናዎች በአጉሊ መነጽር ሲመረመሩ ካንሰሩ በዓይን ከሚታየው ጫፉ አልፎ የሚሄደው በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ እንደሆነ ታወቀ፤ ጠበኛ በሚባለው ዓይነትም ከ10 ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ ዛሬ በዘርፉ ያሉ ሐኪሞች የሚሠሩት ካንሰሩን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ የቀረውን ማትረፍ ነው።

ካንሰሩ ገና ከላይኛው የቆዳ ሽፋን ካልወረደ ግርዛትና 5 በመቶ የፍሎሮዩራሲል (የካንሰር ሴል የሚገድል መድኃኒት) ቅባት ሊበቃ ይችላል። ቅባቱ በየሁለት ቀኑ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቀባል፤ ቆዳው ይቀላል፣ ይላጣል፣ ያማል፤ ይህ ሊጠበቅ የሚገባው ነው። ሲያበቃ እንደገና ናሙና ይወሰዳል፤ ግማሽ ገደማ በሚሆኑት ላይ ብቻ ሙሉ በሙሉ ስለሚሠራ ሳያረጋግጡ መልቀቅ አይገባም። ካንሰሩ ሸለፈት ላይ ብቻ ከሆነ ንጹሕ ጠርዝ ያለው ግርዛት ሕክምናው ነው። የብልት ራስ ላይ ላዩን ከያዘ ሽፋኑ ተገፍፎ ከጭን በተወሰደ ስስ ቆዳ ይሸፈናል። የብልት ራስን ራሱን ከወረረ ራሱ ብቻ ከዘንጉ ጫፍ ተለይቶ ይወጣል፤ ዘንጉ ይቀራል፣ ጫፉ በተነቀለ ቆዳ ይለበሳል። ቆዳው እንዲይዝ በጥቃቅን ስፌት ከሥሩ ጋር ይያያዛል፣ በፋሻ ይጠበቃል፣ ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቱቦ) ይቀመጣል፣ ሰውዬውም ለ5 ቀን ያህል ብዙ ሳይንቀሳቀስ ይተኛል። ተከላው የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ በሦስት ምክንያት ነው፦ ከሥሩ ደም ሲቋጠር፣ ሲመረቅዝ፣ ወይም ፋሻው ቀድሞ ሲነሳ።

ካንሰሩ ወደ ዘንጉ ከገባ ከፊል ቆረጣ ይሠራል። እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ የሚቀረው ርዝመት ነው። ሰው ቆሞ ልብሱን ሳያረጥብ እንዲሸና 3 ሴንቲ ሜትር ያህል መቅረት አለበት። ደም እንዳይፈስ ከሥሩ ጎማ ይታሰራል፣ ከላይ ያሉት የደም ሥሮች ተለይተው ይቋጠራሉ፣ ሁለቱ ስፖንጅ መሰል ዘንጎች ተቆርጠው በሚሟሟ ክር ይዘጋሉ። የሽንት ቧንቧው ግን ከእነሱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲረዝም ይተዋል፤ ከዚያም በአንድ በኩል ተሰንጥቆ አፉ ሰፍቶ ከቆዳው ጋር ይሰፋል። ይህን አንድ እርምጃ የዘለለ ሐኪም ከወራት በኋላ አፉ የጠበበና ሽንቱ እንደ ክር የሚወርድ በሽተኛ ይመጣበታል። ስፌቱ ከመዘጋቱ በፊት ጎማው ተፈትቶ የሚደማው ሁሉ መታየት አለበት።

ከሥሩ መቁረጥ የሚያስፈልገው ዕጢው ዘንጉን አብዛኛውን ሲውጠው ነው። ያኔም ቢሆን የሽንት መውጫው ከቆለጥ ከረጢት በስተኋላ፣ ከፊንጢጣ በፊት ባለው ቦታ ይከፈታል፤ ሰውዬው ተቀምጦ ይሸናል፣ ሽንቱን የመቆጣጠር ችሎታው እንዳለ ይቆያል። ቆለጦቹ ይቀራሉ፣ ድምፁም፣ ጢሙም፣ የወንድ ሆርሞኑም አይለወጡም። ይህ ሁሉ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በግልጽ ሊነገረው ይገባል፤ ከፈቀደ ባለቤቱ ባለችበት።

ብልትን ማትረፍ አንድ ዕዳ አለበት፣ አንደብቀውም። ካንሰሩ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሶ የመምጣቱ ዕድል ከሙሉ ቆረጣ ይበልጣል። ቶሎ ከተያዘ ግን እንደገና ተቆርጦ ይወጣል፣ ዕድሜንም አያሳጥርም። ዕድሜን የሚወስነው ሌላ ቦታ ነው።

«ብሽሽት ላይ ያለው ንፍፊት ከእግር ቁስል ነው፤ ይጠበቅ»

ጸሐፊው የአካባቢውን ሰው እግር አይተው እንደጻፉት እንረዳለን። በጅማ ዙሪያ ባለው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ያረሰ፣ ቡና የለቀመ ሰው ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ቢኖረው የተለመደ ነው። የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ የጣት መካከል ቁስል፣ ዝሆኔ፣ ሁሉም ንፍፊት ያሳብጣሉ። የብልቱ ዕጢ ራሱ ሲመረቅዝም ያሳብጣል። ከተዳሰሱት ንፍፊቶች ቀላል የማይባለው ቁጥር ካንሰር የሌለበት የመሆኑ ምክንያትም ይህ ነው።

ችግሩ በእጅ ዳስሶ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለይ ሰው አለመኖሩ ነው። ይህ ካንሰር በሥርዓት የሚሄድ ካንሰር ነው። ከብልት ተነስቶ መጀመሪያ ብሽሽት ላይ ባሉት ንፍፊቶች (ሊምፍ የተባለውን የሰውነት ፈሳሽ የሚያጣሩ፣ ሳያብጡም ያሉ እንክብሎች) ይገባል፣ ከእነሱ ወደ ጥልቆቹ፣ ከዚያ ወደ ዳሌ ውስጥ ወዳሉት፤ ብሽሽትን ዘሎ ዳሌ አይደርስም። የብልት የሊምፍ መስመሮች ከሥሩ ላይ ስለሚሻገሩ ዕጢው በግራ ቢሆንም በቀኝ ብሽሽት ሊገኝ ይችላል። እናም ሁለቱም ብሽሽቶች ሁልጊዜ ይመረመራሉ። ሥርዓት መያዙ ለሐኪም ትልቅ ዕድል ነው፤ ብሽሽት ላይ እያለ ከተያዘ በቀዶ ሕክምና ብቻ ሊድን ይችላል። ብዙ ካንሰሮች ይህን ዕድል አይሰጡም። ጽሑፉ ተውት የሚለው ይህንን ዕድል ነው።

የቁጥሩን ልዩነት አንባቢ ልብ ይበል። ንፍፊቶቹ ንጹሕ ከሆኑ 5 ዓመት የሚኖሩት ታማሚዎች 90 በመቶ ገደማ ናቸው። ካንሰሩ ዳሌ ውስጥ ከደረሰ ከአምስት አንድ እንኳ አይተርፍም። በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ጥናት ምንም ሳይዳሰስ ካንሰሩ በንፍፊት ውስጥ ተገኝቶ ቶሎ ከወጣላቸው ታማሚዎች በ3 ዓመት 84 በመቶው በሕይወት ነበሩ። እብጠቱ በእጅ እስኪዳሰስ ከተጠበቀላቸው ውስጥ ግን 35 በመቶው ብቻ። ካንሰሩ አንድ፣ ሕክምናው አንድ፤ ልዩነቱ መጠበቁ ነው።

ስለዚህ አሠራሩ ይህ ነው። ንፍፊት ከተዳሰሰ አንቲባዮቲክ ሰጥቶ 6 ሳምንት መጠበቅ ቀርቷል። የመረቀዘ ዕጢ አንቲባዮቲክ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ይህ ለቁስሉ ነው እንጂ ንፍፊቱን መፈተኛ አይደለም። በቀጭን መርፌ ከንፍፊቱ ሴል ተወስዶ ይመረመራል፤ አልትራሳውንድ ካለ በእሱ እየታየ። ርካሽ ነው፣ ማደንዘዣ አያሻውም፣ ጠባሳ አይተውም። መርፌው ካንሰር ካሳየ መንገዱ ግልጽ ነው። ካላሳየና ንፍፊቱ ግን ጠጣር፣ ክብ፣ ወይም እያደገ ያለ ከሆነ ይደገማል፤ አሁንም ካጠራጠረ ንፍፊቱ ራሱ ወጥቶ ይታያል። «አንዴ ነጻ ብሎናል» ተብሎ አይዘጋም፤ መርፌ ሊስት ይችላል።

ምንም ያልተዳሰሰበት ሰውስ? እዚህ ጋ ነው ብዙ ሐኪሞችም የሚሳሳቱት። ምንም ካልተዳሰሰባቸው ውስጥ ከአራትና ከአምስት አንዱ ንፍፊት ውስጥ በዓይን የማይታይ ካንሰር አለበት። ሲቲ ስካንም አልትራሳውንድም አያሳዩትም። ስለዚህ ውሳኔው የሚደገፈው ከብልት በወጣው ዕጢ የፓቶሎጂ ውጤት ላይ ነው። ላይ ላዩን ያለና ለዘብተኛ ከሆነ በየ3 ወሩ በእጅ መከታተል ይበቃል። ጠበኛ ደረጃ ያለው ከሆነ፣ በሊምፍ ወይም በደም ሥር ውስጥ ከታየ፣ ወይም ወደ ዘንጉ ከገባ ግን ሳይዳሰስም ብሽሽት መመርመር አለበት። በሁለት መንገድ ይቻላል። አንደኛው ከዕጢው ዙሪያ ቴክኒሺየም የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገርና ሰማያዊ ቀለም ወግቶ የመጀመሪያዋን ንፍፊት በመሣሪያ ፈልጎ ማውጣት ነው፤ የኑክሌር ሕክምና ክፍልና የለመደ እጅ ይጠይቃል። ይህ በሌለበት ሁለተኛው መንገድ፣ ማለትም ላይኛዎቹን የብሽሽት ንፍፊቶች በተወሰነ ክልል ማውጣት፣ ትክክለኛ ሕክምና ነው። መሣሪያ የለንም ብሎ መጠበቅ ግን ትክክል አይደለም።

ሙሉው የብሽሽት ቀዶ ሕክምና ለምን እንደሚፈራ እናውቃለን። ቁስሉ ይመረቅዛል፣ የቆዳው ጠርዝ ይሞታል፣ ፈሳሽ ይቋጠራል፣ እግር ያብጣል። አብዛኛው ግን ከአሠራር የሚመጣ ነው። ቆዳው በጣም ስስ ሆኖ ከተገፈፈ ደም አያገኝም፣ ይጠቁራል፣ ይከፈታል፤ ከሥሩ ያለው የስብ ሽፋን ከቆዳው ጋር መቅረት አለበት። ሊምፍ የሚያመላልሱት ቀጫጭን መስመሮች በኤሌክትሪክ ሙቀት ከመቃጠል ይልቅ በክር ከታሰሩ የሚቋጠረው ፈሳሽ ይቀንሳል። ከእግር የሚመጣው ሳፊነስ የሚባለው የደም ሥር ካንሰሩ ካልነካው ሲተርፍ የእግር እብጠት ይቀንሳል። ትልቁ የእግር ደም ቧንቧ በተገለጠ ጊዜ ሳርቶሪየስ የሚባለው ጡንቻ ተነቅሎ በላዩ ይደረባል፤ ቆዳው ቢከፈት እንኳ ቧንቧው አይራቆትም። ከቁስሉ ፈሳሽ የሚስበው ቱቦ በቀን የሚወጣው ከ50 ሚሊ ሊትር እስኪያንስ ይቆያል። ይህ ሁለት ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል፤ አልጋ ለማስለቀቅ በአምስተኛው ቀን የተነቀለ ቱቦ በሽተኛውን በሳምንቱ ካበጠና ከመረቀዘ ብሽሽት ጋር ይመልሰዋል። ወደ ቤቱ ሲሄድ የሚያጠብቅ ካልሲ ያድርግ፣ ሲተኛ እግሩን ከፍ ያድርግ፣ በባዶ እግር መሄድ ያቁም። ለዚህ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማ መድኃኒቱ ነው፤ ሊምፉ በተቋረጠበት እግር ላይ ትንሽ የእሾህ ቁስል ሙሉ እግሩን ታሳብጠዋለች።

በአንድ ብሽሽት ውስጥ 3 ወይም ከዚያ በላይ ንፍፊቶች ካንሰር ከተገኘባቸው፣ ወይም ካንሰሩ የንፍፊቱን ሽፋን ጥሶ ከወጣ፣ በዚያው በኩል የዳሌ ንፍፊቶችም ይወጣሉ። ንፍፊቱ ከሥሩ ተጣብቆ የማይንቀሳቀስ ወይም ቆዳውን ያፈረጠ ከሆነ ደግሞ በቢላ መጀመር ስህተት ነው፤ ካንሰር ቀርቶበት ቁስል የማይዘጋ ብሽሽት ይሆናል። ቀድሞ ኬሞቴራፒ ይሰጣል፦ ፓክሊታክሰል፣ አይፎስፋማይድና ሲስፕላቲን አብረው፣ በየ3 እስከ 4 ሳምንቱ፣ አራት ዙር። ከሚወስዱት ግማሽ ገደማ በሚሆኑት ላይ ዕጢው ይቀንሳል፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምናው ይከተላል። ኩላሊቱ ይህን መድኃኒት መቻሉ አስቀድሞ በደም ምርመራ ይታያል።

ምንም ያልተደረገለት ብሽሽት መጨረሻው ይታወቃል። ያፈርጣል፣ ይሸታል፣ በስተመጨረሻ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቅ የደም ቧንቧ ይበላዋል። ያልታከሙት ብዙዎቹ 2 ዓመት አይሞላቸውም።

«የትኛውም ቀዶ ሐኪም ይሠራዋል፤ ልዩ ቡድን ቅንጦት ነው»

ጸሐፊው አንድ እውነት አላቸው፣ እሱን አስቀድመን እንቀበል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሚዛን ወይም ከጋምቤላ ለሚነሳ ሰው ደግሞ ጅማ ራሷ ሩቅ ናት። የመኪና፣ የአስታማሚ፣ የማደሪያ ወጪ በሬ ያሸጣል። ሪፈር ተጽፎለት ያልሄደ ሰው ብዙ ነው።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ግን «እንግዲያው እዚሁ ይቆረጥ» አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት መመሪያ የብልት ካንሰርን የሚያክም ቡድን ቢያንስ 4 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግልና በዓመት ቢያንስ 25 አዲስ ታማሚ እንዲያይ ይጠይቃል። ምክንያቱ ቀላል ነው። በሁለት ዓመት አንድ ብሽሽት የሚከፍት እጅ ቆዳውን በምን ውፍረት እንደሚገፍ አይማርም። ጠርዙን በ5 ሚሊ ሜትር ማቆም የማያስደፍረው ሐኪም ለጥንቃቄ ብሎ ሙሉውን ይቆርጣል። ናሙናውን የሚያነበው ፓቶሎጂስትም እንዲሁ ነው፤ ውጤቱ ላይ «የብልት ካንሰር» ብቻ ከተጻፈ፣ ዓይነቱ፣ ደረጃው፣ ጥልቀቱ፣ በሊምፍ ሥርና በነርቭ ዙሪያ መታየት አለመታየቱ፣ የጠርዙ ንጽሕና ካልተገለጸ፣ ስለ ብሽሽቱ መወሰን አይቻልም።

የጅማው ሕክምና ማዕከል የሚያገለግለው ሕዝብ 15 ሚሊዮን ገደማ እንደሆነ በተደጋጋሚ ይነገራል። ግርዛት የተለመደና ሕዝቡም ወጣት ስለሆነ የእንግሊዝን ያህል ታማሚ አንጠብቅም፤ ጥቂት መሆናቸው ግን ለመሰብሰብ ምክንያት ነው እንጂ ለመበተን አይደለም። ለመላው ደቡብ ምዕራብ አንድ ቡድን ይበቃል፤ በስም የታወቀ ቀዶ ሐኪም፣ ፓቶሎጂስት፣ የካንሰር ሐኪም፣ ቁስል የሚከታተል ነርስ። ቡድኑ የት እንደሚቀመጥ መከራከር ይቻላል፣ እኛ ጅማ ብንል ደስ ይለናል፤ አንድ ቦታ መሆኑ ላይ ግን አንደራደርም።

የዞንና የወረዳ ሆስፒታሎች ድርሻ ደግሞ ትንሽ አይደለም። ናሙና መውሰድ፣ የተዘጋ ሸለፈት መክፈት፣ ኤችአይቪና ቂጥኝ መመርመር፣ የደም መጠንና ኩላሊት ማየት፣ ከተቻለ የብሽሽቱን መርፌ መውሰድ። ይህ ሁሉ ቀድሞ ከተሠራ በሽተኛው የሚሄደው አንድ ጊዜ ነው፤ ሳይሠራ ከተላከ ግን ለናሙና አንድ፣ ለውጤት አንድ፣ ለቀዶ ሕክምና አንድ እያለ በሦስተኛው ይቀራል። በሪፈር ወረቀቱ ላይ የዕጢው መጠን በሴንቲ ሜትር፣ ያለበት ቦታ፣ የሁለቱም ብሽሽቶች ሁኔታ (ይዳሰሳል? በስንት? ይንቀሳቀሳል?)፣ የናሙናው ውጤት ቅጂ ይኑር። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያለው ሰው ደረጃውን ጠብቆ ሪፈሩን ይያዝ፤ ያለዚያ ወጪው በእሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የዞን ሆስፒታል ማድረግ የሌለበት አንድ ነገር አለ፦ ደረጃውን ሳያውቅ ዕጢውን ቆርጦ፣ ብሽሽቱን ሳይነካ፣ «ድነሃል» ብሎ መሸኘት።

«ከተቆረጠ በኋላ አለቀ»

አላለቀም። ተመልሶ የሚመጣው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ነው፣ ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት ክትትሉ በየ3 ወሩ፣ ከዚያ እስከ 5ኛው ዓመት በየ6 ወሩ ነው። ምርመራው ውድ አይደለም፤ ብልቱን ማየትና ሁለቱን ብሽሽቶች መዳሰስ ነው። ሐኪሙ ከሁሉ በፊት ሰውዬው ራሱ እንዴት እንደሚዳስስ ያሳየው፤ በወር አንዴ ገላውን ሲታጠብ፣ በሳሙና በረጠበ ጣት፣ ከጭን እጥፋት በታችና በላይ። አዲስ ጠጣር ነገር ካገኘ ቀጠሮው እስኪደርስ አይጠብቅም። ሽንቱ መቅጠን ከጀመረም ይምጣ፤ የጠበበ አፍ ቀድሞ ሲያዝ በቀላሉ ይሰፋል።

ባለቤቱም አትረሳ። ኤችፒቪ በሁለቱ መካከል የሚተላለፍ ስለሆነ ዕድሜዋ ከ30 እስከ 49 ከሆነ በጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የማህፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ ታድርግ፤ በአሴቲክ አሲድ የሚሠራ፣ ደቂቃዎች የሚወስድ ምርመራ ነው። ከኤችአይቪ ጋር የምትኖር ከሆነች ዕድሜዋን ሳትጠብቅ ባለሙያ ታማክር። ሴት ልጆቻቸው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠውን የኤችፒቪ ክትባት በዕድሜያቸው ይውሰዱ።

ሰውዬው ከሆስፒታል ሲወጣ ሦስት ወረቀት ይዞ ይውጣ፦ የፓቶሎጂ ውጤቱን ቅጂ፣ በቀዶ ሕክምናው ምን እንደተወሰደና ብሽሽቱ ታይቶ እንደሆነ የሚገልጽ ማጠቃለያ፣ እና የመጀመሪያው የ3 ወር ቀጠሮ ቀን የተጻፈበት ካርድ።